ስኳር በሽታና የሰውነት እንቅስቃሴ፦ ከመውጣትዎ በፊት፣ መንገድ ላይ፣ ከመተኛትዎ በፊት

«ወክ ያድርጉ» የሚለውን ምክር ሳይሰማ ከክትትል ክፍል የሚወጣ የስኳር ታካሚ የለም። ምክሩ ትክክል ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ከጅማ መርካቶ ተነስቶ ወደ ጅሬን ዳገት የሚወስደው ያው አንድ መንገድ ሜትፎርሚን ብቻ ለሚውጥ ሰው ስኳሩን ቀስ አድርጎ ያወርድለታል። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ምሳውን ላዘገየ ሰው ግን መንገድ ላይ ሊጥለው ይችላል። ኢንሱሊኑን ሁለት ቀን ላቋረጠ ሰው ደግሞ ጭራሽ ስኳሩን ይጨምርበታል። ልዩነቱን የሚያመጣው በዚያ ሰዓት ደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው። ስለዚህ «ስንት ደቂቃ ልሂድ?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት «የምወስደው ምንድን ነው? የወሰድኩትስ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብለው ይጀምሩ።

እዚህ የተጻፈው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። የስኳር መጠኑ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ማሽንዎ 5.8 ወይም 9.2 የመሰለ ነጥብ ያለው ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ በሚሊሞል የሚለካ ነውና ቁጥሩን በ18 ያባዙት።

ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩ ወዴት ይሄዳል?

ከምግብ ወደ ደም የገባ ስኳር ወደ ጡንቻ እንዲገባ ሰውነት ባረፈበት ሰዓት ኢንሱሊን በሩን መክፈት አለበት። በሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ይህ በር እንደ ዛገ ነው፤ ኢንሱሊን ቢኖርም እንደ ልብ አይከፈትም። በመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ በሩ ደህና ነው፣ ቁልፉ ነው የሌለው። ጡንቻ ሲኮማተር ግን ኢንሱሊንን ሳይጠብቅ ሌላ በር ይከፍታል። ግሉት-4 የሚባሉ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ከሴሉ ውስጥ ወደ ሴሉ ልባስ ይወጡና ስኳሩን ከደም ይስባሉ። ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ የተራመደ ሰው ስኳሩ ሲወርድ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቆሙ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ጡንቻው ያቃጠለውን የስኳር ክምችት መልሶ ለመሙላት ከደም እየወሰደ ይቆያል፤ ኢንሱሊንም በእነዚያ ሰዓታት ከወትሮው የበለጠ ይሠራል። ይህ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይዘልቃል። «በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ሳይንቀሳቀሱም ከሁለት ቀን በላይ አይለፉ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። እሁድ ብቻ ሦስት ሰዓት የሚሄድ ሰው ረቡዕ ላይ ከእሁዱ ጉዞ የተረፈለት ብዙ አይደለም።

ስኳር በእንቅስቃሴ የሚጨምርበትም መንገድ አለ። ጆንያ ማንሳት፣ በሙሉ ኃይል መሮጥ፣ የተሟሟቀ የኳስ ግጥሚያ አድሬናሊን ያስረጫል፤ አድሬናሊን ደግሞ ጉበት ያከማቸውን ስኳር እንዲለቅ ያዘዋል። ይህ ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይመለሳልና አያስደነግጥ፤ ኢንሱሊን ለመጨመርም አይቸኩሉ። አደገኛው ሌላው ነው። ሰውነት ውስጥ በቂ ኢንሱሊን ሳይኖር ሲንቀሳቀሱ ጉበት ያለ ተቆጣጣሪ ስኳር ይለቃል፣ ስብም ይቃጠልና ኪቶን የሚባል አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። መርፌውን አቋርጦ «በስፖርት አወርደዋለሁ» የሚል ሰው ራሱን ወደዚህ ይገፋል።

መጀመሪያ፦ የትኛው ነዎት?

ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስዱ ወይም በምግብ ብቻ የሚቆጣጠሩ ከሆነ በእንቅስቃሴ ስኳርዎ ከመጠን በላይ የመውረዱ ነገር እምብዛም አያሰጋም። ከዚህ በታች ስለ መክሰስና ስለ ሌሊት ከተጻፈው አብዛኛው እርስዎን አያስጨንቅዎ፤ ዋናው ሥራዎ ከምግብ በኋላ መራመድና ሳያቋርጡ መቀጠል ነው።

ግሊቤንክላማይድ ወይም ግሊሜፒራይድ የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ቢበሉም ባይበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን እንድታመነጭ ይገፋታል። ግሊቤንክላማይድ ውጤቱ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ዕድሜያቸው በገፋና ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ክኒኑን ውጦ ቁርስ ሳይበሉ መንገድ መውጣት ክልክል እንደሆነ ይቁጠሩት።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ሰዓቱን እንደ ስምዎ ማወቅ አለብዎት። ደፍረስ ያለው ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች፣ ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተወጉት የሚበረታው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት ነው ማለት ነው። ጥርት ያለው ሬጉላር በግማሽ ሰዓት ይጀምርና ከ2 እስከ 4 ሰዓት ድረስ ያይላል፤ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። 70/30 የሚባለው ድብልቅ ሁለቱንም ይዟል። አሁን ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚጫወቱበትን ሰዓት ያስቡት፦ 10 ሰዓት። ምሳውን 6 ሰዓት ላይ የበላ ልጅ 10 ሰዓት ላይ ሆዱ ባዶ ነው፣ ኤንፒኤቹ ግን በሙሉ ኃይሉ ላይ ነው። ሜዳ ላይ የሚወድቁት በዚህች ሰዓት ነው። መፍትሔው ኳሱን መተው አይደለም፤ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ለክቶ መክሰስ በልቶ መግባት ነው።

የሚወጉበትም ቦታ ለውጥ ያመጣል። ሊራመዱ ወይም ብስክሌት ሊነዱ ሲሉ ጭን ላይ አይውጉ። የሚሠራ ጡንቻ ደም ስለሚበዛበት ኢንሱሊኑ ቶሎ ይሰራጫል። ሆድ ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ማየት ያለበት ማነው?

ቀላል የእግር ጉዞ ለመጀመር ለአብዛኛው ሰው ልዩ ምርመራ አያስፈልግም። ሲራመዱ ደረትዎን የሚይዝዎት፣ ትንሽ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥርዎት፣ ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ግን አስቀድመው ይታዩ። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ የልብ ሕመም ያለ ደረት ሕመም ሊመጣ ስለሚችል «ሕመም የለኝም» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለደም ግፊት አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስዱ ከሆነ ስኳር ሲወርድ የሚሰማው የልብ ድለቃ ሊደበቅብዎ ይችላል፤ ላቡ ግን አይቀርም፣ እሱን ይከታተሉ።

የዓይን ምርመራን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ መዘለል አልነበረበትም። በስኳር ምክንያት ዓይን ውስጥ አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች የበቀሉበት ሰው ከባድ ነገር ሲያነሳ፣ ትንፋሹን ይዞ ሲያምጥ፣ ሲዘል ወይም ደጋግሞ አጎንብሶ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ዓይኑ ውስጥ ሊደማ ይችላል። የስቅለት ዕለት ቀኑን ሙሉ የሚሰገደው ስግደት ከዚህ ውስጥ ይገባል፤ ያውም በባዶ ሆድ ነው። የዓይን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይስገዱ።

ልኬት

እጅ ሳይታጠብ የተለካ ስኳር አይታመንም። ማንጎ የላጠ፣ ማር የነካ ወይም ስኳር ቡና ላይ የጨመረ ጣት 140 የነበረውን 230 ሊያስመስለው ይችላል። በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ፤ ጣትዎን ከመሃሉ ሳይሆን ከጎኑ ይብጡ። ስትሪፑን፣ ማለትም ደም የሚነካበትን የመለኪያ ቁራጭ፣ ካወጡ በኋላ ዕቃውን ወዲያው ይክደኑ። የጅማ እርጥበት ክፍት የተተወ ስትሪፕን ያበላሻል፤ የተበላሸ ስትሪፕ ደግሞ ቁጥር መስጠቱን አያቆምም፣ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል እንጂ።

ስትሪፕ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ሁሉንም ቀን በየሰዓቱ መለካት ካልቻሉ አንድ ሳምንት መርጠው «የጥናት ሳምንት» ያድርጉት። በሳምንቱ ውስጥ ሦስት የጉዞ ቀን ይምረጡና በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ከመውጣትዎ በፊት፣ እንደተመለሱ፣ ከመተኛትዎ በፊት። ዘጠኝ ስትሪፕ ነው። ከዚያ በኋላ ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ያው መጠን ምግብ ከሆነ ሰውነትዎ እንዴት እንደሚመልስ ያውቁታል። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ግን ከመውጣትዎ በፊት ያለችውን አንዷን ልኬት አይተዉ።

ቁጥሩን ካዩ በኋላ እንዲህ ያድርጉ፦

ከ70 በታች ከሆነ አይውጡ፤ ስኳርዎ ወርዷል። ከዚህ በታች እንደተጻፈው ያክሙት።

ከ70 እስከ 90 ከሆነና ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ከ15 እስከ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለው ኃይል ሰጪ ምግብ ይብሉ። አንድ መካከለኛ ሙዝ፣ ወይም አንድ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በቂ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ፤ 90 ካለፈ ይውጡ።

ከ90 እስከ 150 ከሆነ ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ይሂድ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚሄድ ከሆነ 15 ግራም ያህል፣ ለምሳሌ አንድ ብርቱካን፣ በልቶ ይጀምር፤ ከረዘመም በየግማሽ ሰዓቱ ይድገም።

ከ150 እስከ 250 ለመነሳት ጥሩ ነው። ምንም መብላት አያስፈልግም።

ከ250 በላይ ከሆነ ቆም ይበሉ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌውን እንዳልዘለለ ያስታውስ፣ የሽንት ኪቶን ምርመራም ያድርግ። ኪቶን ከታየ፣ ወይም መመርመሪያው በሌለበት ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ካለ እንቅስቃሴ የለም፤ ወደ ጤና ተቋም ነው። ኪቶን ከሌለና ጤንነት ከተሰማዎት ውሃ ጠጥተው በዝግታ መራመድ ይችላሉ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ግን ይለኩ። ሁለተኛው ዓይነት ያለበት ሰው ገና ከምግብ ተነስቶ ከሆነና ደህና ከሆነ 300 ቢያይም ቀላል ጉዞ አይከለከልም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከ350 በላይ ካየ ግን መጀመሪያ ስኳሩን ያስተካክል፣ ከዚያ ይውጣ።

ትኩሳት ካለ፣ ወባም ይሁን ጉንፋን፣ እስኪያገግሙ እረፍት ያድርጉ። ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ የሌላ ሰው እርዳታ ያስፈለገው ከባድ የስኳር መውረድ ያጋጠመው ሰውም እንዲሁ።

ጉዞው ራሱ

ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው ሰዓት ከምግብ በኋላ ነው። ስኳር ከምግብ በኋላ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ በልተው ከጨረሱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ከተነሱ ጫፉን ይቆርጡታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከምሳና ከእራት በኋላ 10፣ 10 ደቂቃ ብቻ ይሂዱ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት 15፣ 15 ያድርጉት። በቀን 30 ደቂቃ ሆነ፤ በሳምንት 5 ቀን ሲያደርጉት 150 ደቂቃው ሞላ። 30ው ደቂቃ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ ያው ነው።

ፍጥነቱን በሁለት መንገድ ይወቁ። አንደኛው አፍ ነው፦ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው። ሁለተኛው እግር ነው፦ በ15 ሰከንድ 25 እርምጃ ከቆጠሩ በደቂቃ 100 ሆነ፤ ለአብዛኛው ሰው መካከለኛ ፍጥነት የሚባለው ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች በዝግታ ይሂዱ። ከተማው መሃሉ ረባዳ ስለሆነ በአዌቱ ወንዝ ዙሪያ ካለው ሜዳማ ክፍል ይጀምሩ። የጅሬን ዳገት ለሁለተኛው ወር ይቆይ። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወጣ ሰው ሲወጣ ልቡና ሳንባው፣ ሲወርድ ጉልበቱና የእግሩ ጣቶች ይፈተናሉ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይገፋና ጥፍር ሥር ይደማል።

ባጃጅ የሚነዱ፣ ሱቅ የሚቀመጡ፣ ቢሮ የሚውሉ ሰዎች ጠዋት ተራምደው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡ የጠዋቱ ትርፍ ይሸረሸራል። በየ30 ደቂቃው ተነስተው 3 ደቂቃ ይንቀሳቀሱ። ባጃጅ ነጂ ተራ ሲጠብቅ ወርዶ መኪናውን ሦስት አራት ጊዜ ይዙር። ባለሱቅ ቆሞ ተረከዙን ከፍ ዝቅ ያድርግ።

ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ያለ ስኳር ከቤት አይወጣም። በሻይ ማንኪያ አራት ልክ ስኳር ትንሽ ፌስታል ውስጥ ይቋጥሩ፤ በሁለተኛ ፌስታል ይደግሙት፣ አለበለዚያ ዝናብና ላብ ያቀልጠዋል። እንደዚህ ያለ ሁለት ቋጠሮ ይያዙ። አንዱ ለመጀመሪያው፣ ሌላው ካልበቃ ለመድገሚያ። ስምዎን፣ የቤተሰብ ስልክና «የስኳር ታካሚ ነኝ፣ ኢንሱሊን እወስዳለሁ» የሚል ወረቀትም አብሮ ይኑር። ስኳሩ የወረደበት ሰው እየተንገዳገደ፣ ንግግሩ እየተወላገደ ሲታይ አላፊ አግዳሚው ሰክሯል ብሎ ይተወዋል። ወረቀቷ ለዚያ ሰዓት ናት።

ምልክቶቹን ዳገት ላይ መለየት ያስቸግራል፤ ማንም ቢወጣ ያልበዋልና። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የድካም ላብ ሞቃት ነው፣ ቆም ሲሉም ይቀንሳል። የስኳር መውረድ ላብ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ከእጅ መንቀጥቀጥ፣ ከድንገተኛ ረሃብ፣ ከዓይን ብዥታና ያለ ምክንያት ከመነጫነጭ ጋር ይመጣል፤ ቆመውም አይለቅም። ከተጠራጠሩ እንደወረደ ይቁጠሩት። መለኪያ ፍለጋ ቤት ድረስ አይሂዱ።

1. ወዲያው ይቁሙ፣ ይቀመጡ።
2. 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይውሰዱ፦ አራቱን የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ግማሹን፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። «ዜሮ» የተባለው ለስላሳ ስኳር የለውምና አይጠቅምም።
3. 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙ።
4. ሲስተካከል እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ሙዝ ይብሉ፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። የዚያን ቀን ጉዞ አይቀጥሉ።

ጭኮ፣ ቸኮሌት፣ ቅቤ የበዛበት ጨጨብሳ ለዚህ ሰዓት አይሆኑም። ቅባቱ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። ሌላ ስህተትም አለ፦ የተጨነቀ ቤተሰብ ሙሉ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ከዚያ ማር፣ ከዚያ ዳቦ ይግታል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስኳሩ 350 ይሆናል። 15 ግራም፣ 15 ደቂቃ።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባ ይገባል። በጎኑ ያስተኙትና ባጃጅ ይጥሩ። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ፣ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የድንገተኛ ክፍል ይሁን፤ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጡታል። ግሊቤንክላማይድ የወሰደ ከሆነ ቢነቃም ወዲያው ወደ ቤት አይመለስ፤ መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ መልሶ ሊጥለው ይችላል።

ማታ

በብዛት የማይነገረው ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ የተንቀሳቀሰ ሰው ጡንቻው ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ይስባል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የተወጋው ኤንፒኤች ደግሞ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት 11 ሰዓት ይበረታል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ስኳሩ በእንቅልፍ ውስጥ ይወርዳል። ምልክቱ ልብስ የሚያረጥብ ላብ፣ ቅዠት፣ ጠዋት ላይ ራስ ምታት ነው። አንዳንዴም ሰውነት ራሱን ሲከላከል ጠዋት ስኳሩ 260 ሆኖ ይገኛል፤ ሰውየው «ጨመረብኝ» ብሎ የማታውን መጠን ከፍ ያደርጋል፣ በማግስቱ ሌሊት የባሰ ይወርድበታል። እንዲህ ያለ ጠዋት ሲደጋገም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ ተነስተው ይለኩ፤ ጥያቄው በአንድ ስትሪፕ ይፈታል።

ከወትሮው በረዘመ ወይም በከበደ ቀን ከመተኛትዎ በፊት ይለኩ። ከ100 በታች ከሆነ ዳቦ ከወተት ጋር ወይም ለውዝ ያለበት መክሰስ ሳይበሉ አይተኙ። የማታውን ኢንሱሊን ስለ መቀነስ አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ለእንዲህ ያለው ማታ የተለመደው ቅነሳ 20 በመቶ ገደማ ነው። ጨርሶ መተው ግን የለም፤ በተለይ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው መርፌውን ጨርሶ አይተውም። ጠላ፣ ጠጅ ወይም አረቄ ከእንቅስቃሴ በኋላ ከመጣ ጉበት አልኮሉን በማስወገድ ይጠመድና ስኳር መልቀቁን ያቆማል። ያ ሌሊት ከሁሉም ይከፋል።

የጡንቻ ጉልበት

ጡንቻ የስኳር ጎተራ ነው፤ ጎተራው ሲሰፋ ከምግብ በኋላ የሚመጣው ስኳር ማረፊያ ያገኛል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን እያረፉ፣ እነዚህን ቤት ውስጥ ይሥሩ፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳን በሁለት እጅ እየገፉ መመለስ፣ ሁለት ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይዞ ክንድ ማጠፍ፣ ግድግዳ ተደግፎ ተረከዝ ማንሳት። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ሲያነሱ ትንፋሽዎን ያስወጡ እንጂ አይያዙ። ለመነሳትና ለመቀመጥ የጅማን በርጩማ አይጠቀሙ፤ ዝቅ ያለች ስለሆነች ጀማሪ ጉልበት አይችላትም። መደገፊያ ያለው ተራ ወንበር ከግድግዳ አስጠግተው ይጀምሩ።

ኢንሱሊን የሚወጉና በአንድ ቀን ሁለቱንም የሚሠሩ ከሆነ ጡንቻውን አስቀድመው መራመዱን ያስከትሉ፤ ስኳሩ በጉዞው ላይ ያን ያህል አይወርድም።

ቀጭን ሆነው ኢንሱሊን ለሚወስዱ፣ በተለይ ለወጣቶች፣ ክብደት መቀነስ ግብ አይደለም። ምግቡ ካልተሟላ እንቅስቃሴ አይጨምሩ፤ የጡንቻ ሥራው ግን ይጠቅማቸዋል።

እግርና ጭቃ

በጅማ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ መስከረም እምብዛም አይለይም። እርጥብ ካልሲ ውስጥ የዋለ እግር ይላጣል፣ ነርቩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ አይሰማውም። ጫማ ከሰዓት በኋላ ይግዙ፤ እግር በዚያ ሰዓት ያብጣልና ጠዋት ልክ የነበረው ይጠባል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይተርፍ። ኮንጎና ነጠላ ጫማ ለረጅም መንገድ አይሆኑም፤ በባዶ እግር ደግሞ ግቢ ውስጥም አይሂዱ። ከመጫማትዎ በፊት እጅዎን ጫማው ውስጥ ከትተው ጠጠር ወይም ሚስማር ይፈልጉ።

ሲመለሱ በለብታ ውሃ ይታጠቡ፤ ሙቀቱን በእግር ሳይሆን በክርን ይፈትኑ። በጣቶች መካከል ያድርቁ። ተረከዝና የውስጥ እግር ላይ ቫዝሊን ይቀቡ፣ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ። የውስጥ እግርዎን በመስተዋት ይዩ፣ ወይም ዓይኑ የሚያይ ልጅ ይይልዎ። ዝናብ የመታውን እግር ከሰል ምድጃ ላይ ማሞቅ ይቅር፤ የደነዘዘ እግር መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ከተነሳ በኋላ ነው። ቁስል ወይም ውሃ የቋጠረ ነገር ካዩ ጉዞውን ያቁሙና በዚያው ቀን ይታዩ። እስኪድን ወንበር ላይ ተቀምጠው የክንድ ሥራ ይሥሩ።

ጾም፣ ጫት፣ የቡና ለቀማ

በረመዳን መጾምዎን ከወሩ በፊት ከሐኪም ጋር ይወስኑ፤ ለመጀመሪያው ዓይነት ስኳር አደጋው ከፍ ያለ ነው። የሚጾሙ ከሆነ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ለማፍጠር ሲቃረብ፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ አይሥሩ። ተራዊሕ ረጅም መቆም፣ ማጎንበስና መነሳት ስላለበት ራሱ እንቅስቃሴ ነው፤ ከእንቅስቃሴ ደቂቃዎ ይቆጠራል። ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙን ይፍቱ፤ መለካት ጾም አይፈታም። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾሙ ክርስቲያኖችም ሕጉ ያው ነው፦ ረጅም ጉዞው ከምግብ በኋላ ይሁን።

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። መርፌውን ተወግቶ ምሳውን ትቶ የሚቅም ሰው ስኳሩ ሲወርድ የልብ ድለቃውንና ላቡን ከምርቃናው ይቆጥረዋል። አብሮ የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይወስደዋል። የሚቅሙ ከሆነ ሳይበሉ አይጀምሩ፤ በዚያን ቀንም ሩጫና ከባድ ሥራ አይጨምሩ፣ የልብ ምትና ግፊት ቀድሞውኑ ከፍ ብሏልና። ቡናው ያለ ስኳር ችግር የለውም፤ ሦስት ሲኒ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ግን 24 ግራም ነው።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ የሚወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ስፖርት ላይ ነው። ስኳር የሚወርደው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ምክንያቱም መርፌው ለተቀመጠ ሰው የተመጠነ ነው። ለቀማው ከመጀመሩ በፊት በቀጠሮዎ ላይ ይናገሩና መጠኑ ይስተካከል። ምሳ ይያዙ፣ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ይቅመሱ፣ ስኳሯን ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ፤ አጠገብዎ ያለው ለቃሚም የት እንዳለች ይወቅ።

ሠርቶም ካልወረደ

ከጉዞ በኋላ ስኳሩ ጨምሮ ከተገኘ መጀመሪያ እጅ ታጥቦ እንደሆነ ይጠይቁ። ቀጥሎ ሰዓቱን፦ ጠዋት በባዶ ሆድ የሄደ ሰው ጉበቱ ስኳር ስለሚለቅ ትንሽ ጭማሪ ሊያይ ይችላል፤ ሰዓቱን ወደ ቁርስ በኋላ ያዛውሩት። ፍጥነቱ በዝቶ እንደሆነ ይቀንሱ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም ድጋሚ ይለኩ። ከጉዞ መልስ የሚጠጣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ የግማሽ ሰዓቱን ሥራ መልሶ ይበላዋል፤ ውሃ ይጠጡ። ሁሉም ልክ ሆኖ ለሁለት ሳምንት ካልተለወጠ መድኃኒቱ ራሱ መታየት አለበት።

በደብተር አምስት ዓምድ ያስምሩ፦ ቀንና ሰዓት፣ የመድኃኒት ዓይነትና የተወሰደበት ሰዓት፣ የተበላው፣ የሄዱት ደቂቃ፣ የስኳር ቁጥሩ ከበፊትና ከበኋላ። ለቀጠሮ ሲሄዱ የሁለት ሳምንቱን ገጽ ይዘው ይግቡና እነዚህን ሁለት ነገሮች ያስወስኑ፦ በሚንቀሳቀሱበት ቀን የኢንሱሊኑ መጠን በስንት ዩኒት እንደሚቀየር፣ እና የማታ ስኳርዎ ከስንት በታች ሲሆን ሳይበሉ መተኛት እንደሌለብዎት። መልሱን በቁጥር፣ በዚያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስጽፉ።